ጂንካ ላይ የማይጠገን ነገር አልገጥምላትም

መኪናዬን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለምን ከፍ አታደርጋትም?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ሰፋፊ ጎማ ያነሳል። ከዚያ ወደ ሞተሩ አየር በኃይል የሚገፋው ቱርቦ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚደረደረው የመብራት መዓት። ሁሉንም እሰማለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ተመልሼ ከመኪናዋ ሥር እገባለሁ።

መልሴ አጭር ነው። ይህች መኪና ጂንካ ወይም ሰመራ ላይ ብትቆም፣ እዚያ ያለ መካኒክ ባለው ቁልፍ ሊፈታት፣ ባለው ዕቃ ሊገጥማት ይገባል። እሱ አይቶት የማያውቀውን ነገር እኔም አልገጥምላትም። ግቢዬ ውስጥ የምሠራው ሥራ ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው። ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። ከከተማ ርቄ የምውልበት ቀን ብዙ ስለሆነ ጉዳዩ ለእኔ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

መኪናዋ የ1993 ሞዴል ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት፣ ባለ 75ቷ። ኋላዋ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ያሏት፣ በየወረዳው አምቡላንስ ሆና የምናውቃት ዓይነት። ነጭ ስለሆነች የሰፈር ልጆች እስካሁን «አምቡላንስ መጣች!» ይሏታል። ሥራውን የጨረሰ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ ሲሸጣት ነው የገዛኋት። ሞተሯ ዋን ኤችዜድ የሚባለው ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ቶዮታ 75ቷ ያለችበትን የ70ውን ተከታታይ በ1984 ነው የጀመረው። ይህ ሞተር የገባው ደግሞ በ1990 ነው፤ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። አገራችን ውስጥ ይህን ሞተር ያልፈታ የናፍጣ መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። እኔም የገዛኋት ለዚህ ነው።

ዛሬ አሮጌ መኪና መያዝ እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጪ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ተለቀቀ። ስለዚህ ግቢህ ያለችውን ነው የምትንከባከበው። እማዬ ግን ይህን ክርክር አትቀበልም። እሷ የምታየው መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ዘይት ነው። የሚጠቅማት ነገር ቢኖር የፊት ፓራውልቱ፣ የግጭት መከላከያው ብረት ነው፤ ብርድ ልብስ ታሰጣበታለች።

ብዙ ጊዜዬን የወሰደው የፊት አክሰሉ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያያዙበት ብረት፣ ስለሆነ እሱን ዘርዘር አድርጌ ላውራ።

ስገዛት የሁለቱም የፊት ጎማዎች የውስጥ ጎን በጥቁር ቅባት ተለብጦ ነበር። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ግሪሱ በዝቶ ነው» ብሎ ያልፋል። አይደለም። አክሰሉ ጫፍ ላይ፣ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ድቡልቡል የብረት ቤት አለ። እውስጡ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ሴሚያሱን፣ ከጎማው ጋር የሚያገናኝ፣ ኳሶች ያሉት መጋጠሚያ ተቀምጧል። ይህ መጋጠሚያ የሚኖረው በወፍራም ግሪስ ተውጦ ነው። አክሰሉ መሃል ካለው የማርሽ ቤት፣ ከዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ቀጭን ዘይት ወደዚህ ቤት እንዳይገባ የሚከለክለው ኦይልሲል የሚባል አንድ ትንሽ የጎማ ቀለበት ብቻ ነው። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ይገባል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ወደ ውጭ ይንጠባጠባሉ። በአንድ በኩል ዲፈረንሻሉ ዘይት ያጣል። በሌላ በኩል መጋጠሚያው ግሪስ ያጣል። ቆይቶም ፍሬኑ ይቀባል።

ጎረቤቴ ከመንገድ ሥራ በጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ቀን ጨርቅ ይዤ ልጠርገው ስል «ተው አንተ፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ማስረጃውን አታጥፋ!» አሉኝ። በርጩማቸውን ይዘው መጥተው እዚያው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሥራ ባለኝ ቅዳሜ ሁሉ በርጩማቸው አይቀርም።

አፈታቱ እንዲህ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስተህ ካቫሌቶ በሚባለው የብረት መቆሚያ ላይ ታሳርፋለህ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ግቢዬ ውስጥ አይሠራም፤ የእህቴ ልጅ ይህን በደንብ ያውቃል። የፍሬኑን ካሊፐር ፈትተህ በሽቦ ታንጠለጥለዋለህ፤ በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቱቦው ውስጥ ውስጡን ይቀደዳል። ቀጥሎ ጎማውን ከሴሚያሱ ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ፍሪዊል ይወጣል። የፍሪዊሉ ቡሎኖች ሥር ሾጣጣ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ተጣብቀው አልወጣ ሲሉ ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅ የለም። ጎኑን በነሐስ ቁራጭ መታ መታ ስታደርገው ራሳቸው ዘለው ይወጣሉ። ነሐስ ያልኩት ብረት በብረት ሲመታ ስለሚያበላሽ ነው። እኔ የምጠቀምበትን ቁራጭ ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ነው መርጬ ያወጣሁት።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞዞው፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበት መሃለኛ ብረት፣ ትልቁ ዳዶ ነው። 54 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት ሆነው በመካከላቸው የሚታጠፍ ማሰሪያ ላሜራ አለ። የእኔዋ መኪና ዳዶዎች ጥርሳቸው ተበልቶ ነው ያገኘኋቸው። በየጋራዡ በካቻቢቴና በመዶሻ እያንኳኩ ስለሚፈቷቸው ነው። በዚህ መንገድ መፍታትስ ይቻል ይሆናል፤ ማጥበቂያው ልክ ግን በግምት ይሆናል። ግምት ከሆነ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ወይ ላልቶ ይንገዳገዳል ወይ ጠብቆ ይቃጠላል። ሰፈራችን ያለው ቶርኖ ቤት ከወፍራም ቱቦ ላይ ልክ የሆነ ቁልፍ ሠራልኝ። መልኩ አያምርም። ሥራው ግን ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ይበልጣል።

ድቡልቡሉ ቤት ሲከፈት የሚወጣውን ነገር ግሪስ ብሎ ለመጥራት ያሳፍራል። ግራጫ ሾርባ ነው። እሱን በናፍጣ አጥበህ ካደረቅህ በኋላ ነው ትክክለኛው ምርመራ የሚጀመረው። ቤቱ የሚዞረው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የኩሽኔታው ሲሊንደሮች አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየተመቱ ጉድጓድ ይሠራሉ። ጣትህን ብታሳልፍበት ትሰማዋለህ። መሪው መሃል ላይ ሲደርስ ቆም የሚል፣ ከዚያ ዘለል የሚል ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ብዙ ባለመኪና ግን የመሪ ማርሽ ሊቀይር ነው የሚሮጠው።

ከኩሽኔታዎቹ ጋር ስስ የላሜራ ቀለበቶች ይወጣሉ። ከላይኛው የወጣው ለላይ፣ ከታችኛው የወጣው ለታች፣ የግራው ለግራ። ምልክት አድርገህ በየጣሳው ለየብቻ አስቀምጣቸው። ስትገጥም የኩሽኔታው መጥበቅ የሚለካው የቤቱን ክንድ በባለ መንጠቆ ሚዛን ስበህ ስንት ኪሎ ላይ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር በማየት ነው። ገበያ ላይ ቡናና ቅቤ የሚመዘንበት ተራ ሚዛን ይበቃል። ጋሼ ሚዛኑን ሲያዩ ሳቁ። «እኛ በክንዳችን ነበር የምንለካው» አሉ። ቀጥለው ግን የሚዛኑን መርፌ ከእኔ ቀድመው ያነበቡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ብልሃትም ከእሳቸው ተምሬያለሁ። የመጋጠሚያው ኳሶች የሚሄዱበት ቦይ የሚበላው በአንድ ጎኑ ነው፤ ወደ ፊት ስትነዳ ጭነቱ የሚያርፍበት ጎን። የግራውን መጋጠሚያ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ብታዛውረው ያልተበላው ጎን ጭነቱን ይረከባል። መሪ ታጥፎ ሲነዳ የነበረው «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅም ይቀንሳል። መጋጠሚያው የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፣ መጣል አለበት። የእኔዎቹ ስንጥቅ ስላልነበራቸው ተዛውረው ገብተዋል። አዲስ መግዛት ለሌላ ጊዜ ቀረ። ግሪሱ ደግሞ ሞሊብዲነም ያለበት መሆን አለበት፤ የትኛውም ቢጫ ግሪስ አይሆንም። ኦይልሲሉን ስገዛ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ ሦስት ዓይነት ቀረበልኝ። ሁሉም «ኦርጅናል ነው፣ የጃፓን ነው» ተብሎ ተምሎላቸዋል። አሮጌውን ይዤ ስለሄድኩ ከንፈሩን በጣቴ እያነጻጸርኩ መረጥኩ። አሮጌ ዕቃ ሳትይዝ ሶማሌ ተራ አትሂድ።

አሁን ወደ «ከፍ አድርጋት» ልመለስ።

ባሌስትራዎቿ፣ መኪናዋን የሚሸከሙት የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች፣ ተኝተው ነበር። የዓመታት ጭነት ነው። መፍትሔው ግን የሚረዝም ሳይሆን የሚሸከም ባሌስትራ ነው። በሙሉ ጭነት፣ ማለትም በውሃ ጀሪካን፣ በቅየሳ መሣሪያ፣ በትርፍ ጎማና በሰው፣ ቁመቷን ከሞዞው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ለካሁ። ለዚያ ክብደት የሚበቃ ቅጠል አስገባሁ፣ ጎሚኒዎቹንና የማንጠልጠያውን ፒኖች ቀየርኩ፣ ሾክ አብዞርበሮቹን ቀየርኩ። ስትጫን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ትንሽ ቀና ይላል። በቃ።

ከዚያ በላይ ለምን እንደማልሄድ የገባኝ ከኋላ አክሰሉ በላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ሳጠና ነው። ይህች ቫልቭ በዘንግ ከአክሰሉ ጋር ታስራለች። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል፤ የኋላ ጎማ ቶሎ ታስሮ እንዳይንሸራተት ነው። አሁን ባሌስትራውን አስረዝምና መኪናዋን ከፍ አድርጋት። ቫልቩ ምን ያስባል? ባዶ ነች ብሎ ያስባል። ሙሉ ጭነት ይዘህ የኋላ ፍሬንህ ግማሽ ልቡን ይሠራል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርድ ሰው ይህን ማወቅ አለብህ። ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ ፊትህ ላይ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ አለ። ጫን ያለ ማርሽ ይዘህ በሞተር ብትወርድም ፍሬን የምትፈልግበት ኩርባ አይጠፋም። ከፍ ያደረጉ ሰዎች ዘንጉን ማስተካከል እንዳለባቸው የነገራቸው የለም። ሌላም ጣጣ አለ፤ የፍሬን ቱቦው ያጥራል፣ ጉልበት ወደ አክሰሉ የሚያደርሰው የካርዳኑ ማዕዘን ይበላሻል፣ መሪው ወደ መሃል የመመለስ ጠባዩን ይለቃል። ይህ ሁሉ ለፎቶ!

ቱርቦውን በተመለከተ ግን አልዋሽም፣ ያምረኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ከየትም አያመጣውም። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጋዙን እስከ ወለል ብትረግጥም ሞተሩ አይሰማህም። ሰዎች ይህን ድካም ለማከም የናፍጣ ፖምፓውን ቪቴ ያዞራሉ፤ ናፍጣ ይጨመር ነው ሐሳቡ። አየሩ ሳይኖር የተጨመረ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከኋላህ ያለው ሚኒባስ ይራገማል፣ የቴስታታህ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛ ክዳን፣ ሙቀት ይጨምራል። እኔ የሠራሁት ተቃራኒውን ነው። ፖምፓውንና ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች ወደ ካሊብሬሽን ቤት ወስጄ በማሽን አስለካሁ። ናፍጣው ተቀነሰ። ጉልበቷ ያው ነው፤ ጭሱ ጠፋ፣ ፍጆታዋም ቀነሰ።

ቱርቦ የሚገጥሙ አሉ፣ በልኩ ከተያዘ ይሠራል ይባላል። ግን ይህ ሞተር ሲፈጠር ለቱርቦ አልተፈጠረም። ለቱርቦ የተሠራው ዘመዱ ሌላ ነው፣ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ የሚረጨው። የእኛው መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው የሚያቃጥለው። ሙቀቱ ሲበዛ ቴስታታው የሚሰነጠቀውም በዚያው አካባቢ ነው። የተሰነጠቀ ቴስታታ ጂንካ ላይ አይጠገንም። ስለዚህ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እወጣለሁ፣ የሚቸኩል ይለፈኝ።

አየሩ ላይ ያደረግኩት ለውጥ አንድ ነው። መሳቢያውን በንፋስ መስታወቱ ጎን ወደ ላይ በቱቦ አውጥቼ፣ ጫፉ ላይ አቧራውን በማሽከርከር የሚለይ ክብ ሳህን አደረግኩበት። ሰው «ውሃ ልታቋርጥ ነው?» ይለኛል። ውሃውን ተወው፣ የእኔ ጠላት አቧራ ነው። በአፋር ጥርጊያ መንገድ ከሌላ መኪና ኋላ የነዳ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ፊልትሮውን ይይ። ሳህኑ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ አቧራው ሲሞላ ይታያል፤ ታወጣዋለህ፣ ትደፋዋለህ። በናፍጣው በኩልም እንዲሁ ውሃና ዝቃጭ የሚለይ ሁለተኛ ፊልትሮ ጨምሬያለሁ፤ ከበርሜል በሚቀዳበት ቦታ ናፍጣው ምን እንደያዘ አይታወቅም። መጀመሪያ ግን ታንከሩን አውርጄ አጠብኩ። ከውስጡ የወጣውን ለጋሼ ሳሳያቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

የእህቴ ልጅ የፈለገው መብራት ነው። ጣሪያ ሙሉ። ክርክሩን ያበቃሁት ሁለት ሪሌ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፣ ገዝቼ ነው። በአሮጌ መኪና የፊት መብራት ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነስቶ በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ ዞሮ፣ ረጅም ቀጭን ሽቦ ጨርሶ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። መንገድ ላይ ደክሞ። ሪሌ አድርገህ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ስትሰጠው ያው አምፖል ሌላ አምፖል ይሆናል። ልጁ ማታ አብርቶ አይቶ «አጎቴ፣ ይሄማ ቀን ነው!» አለኝ። ሪሌ የትም ከተማ ይገኛል። ቢቃጠል እንኳ ሽቦውን መልሶ ማገናኘት ነው። ቀለሟንም የአሸዋ እናድርጋት ብሎኝ ነበር። ቀለም ሊብሬ ላይ ይሰፍራል። ለቦሎ ስትቀርብ ነጭ ተብሎ የተጻፈ መኪና በአሸዋ ቀለም መጥቶ የሚያስነሳውን ጣጣ ነገርኩት፣ ተወው።

ጎማዬ 7.50 በ16 ነው፣ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው፣ ባለ ቀለበት ቸርኬ። ቀጭን ነው ይሉኛል። ማንኛውም ጎሚስታ በሁለት የብረት መፈልቀቂያ ይፈታዋል፣ ይለጥፈዋል፣ ይመልሰዋል። ነፋስ ሲሞላ ግን ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ስለሚችል በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚሞላው። ጎሚስታው ከሰነፈ ሰንሰለቱን እኔው አወጣለሁ፣ ከወንበር ሥር አይጠፋም።

የቀረኝ ታይሚንግ ቤልቱ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምም የናፍጣ ፖምፓውንም የሚያዞረው ይኸው አንድ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ቢበጠስ ፒስቶኑና ቫልቩ ይገናኛሉ። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ይባላል፣ ግን በጨረታ የተገዛ መኪና ቆጣሪ ማን ያምናል? ቀበቶውን አግኝቻለሁ፣ የተመረተበት ቀን ካርቶኑ ላይ አለ፣ ጎማውም ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። የማጠንጠኛውን ኩሽኔታ ግን የቀረቡልኝ ሁሉ ገና በእጅ ሲዞሩ ይንኳኳሉ። ሶማሌ ተራ ውስጥ ደህና ዕቃ የሚይዝ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የፊት መሸፈኛው ከተከፈተ ሰንብቷል፣ ጋሼም በየቅዳሜው በርጩማቸውን ይዘው እየመጡ «ገና ነው?» እያሉኝ ነው።